«ተጫወቱ» ያልናቸው እናት

ቆቦ ላይ ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ዘመን ሰዉ ፊልም ለማየት ብቻ አይመጣም ነበር፤ እኔን ለመስማትም ይመጣ ነበር። ህንዶቹ ሲያለቅሱ ለምን እንደሚያለቅሱ፣ ቻይናዎቹ ሲደባደቡ ማን የማንን አባት እንደገደለ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እተርካለሁ። ህንድኛም ቻይንኛም አልችልም። ፊታቸውን አይቼ ነው። አንዳንዴ የኔ ታሪክና የፊልሙ ታሪክ መሃል ላይ ይለያዩና ሞተ ያልኩት ሰውዬ ድንገት ፈረስ ላይ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «እንዴት ነው ነገሩ፣ ቀብረሽው አልነበር?» ይለኛል። መንትያው ነው እላለሁ። ቤቱ በሳቅ ይናጋል፣ ፊልሙም ይቀጥላል።

የተማርኩት ትምህርት ይኸው ነው። ፊት ማየት። ሌላ ትምህርት ቤት ብዙም አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፉንም ከታናናሾቼ ደብተር ላይ እየሰረቅሁ ነው የለመድኩት። በኋላ ስልክ በየሰዉ ኪስ ገባና ቪዲዮ ቤት የሚመጣ ጠፋ፤ ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜም መጣና ጄኔሬተሩንም ቴሌቪዥኑንም ይዞብኝ ሄደ። ቤቱን ኖራ ቀባሁትና ጁስ ቤት አደረግሁት። የቆቦ ፀሐይ ባለበት ፓፓያ ጨምቆ መሸጥ አያከስርም።

አየርላንዳዊቷ ያገኘችኝ እዚያ ጁስ ቤት ነው። ወይም እኔ አገኘኋት፤ እሷ ስትናገር እኔን እንዳገኘች አድርጋ ነው። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ፊቷ በእኛ ፀሐይ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ሰክታ የያዘች ሴት ናት። አንድ ብርጭቆ ጁስ አዝዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና አላፊ አግዳሚውን ማየት ጀመረች። ጁሱ ሞቀ፣ ዝንብ አረፈበት፣ እሷ አልጠጣችውም። አብሯት የመጣው ከአዲስ አበባ የሆነ ዳይሬክተር ነው፤ ፊልሙን የሚያዘጋጀውም፣ ቋንቋውን የሚተረጉምላትም እሱ። ምን ፈልጋችሁ ነው አልኩት። ሰው ትፈልጋለች አለኝ። ማንን ስለው ገና አላወቀችም አለኝ።

እኔም ሳላስበው፣ ያቺን በዓይንሽ ስትከተያት የነበርሽውን ሴት ተዪያት፣ ካሜራ ስታይ ከንፈሯን ትሰበስባለች፣ እህቷ ትሻላለች፣ አልኩ። ዳይሬክተሩ ተረጎመላት። እርሳሱን ከፀጉሯ ነቅላ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተለያየንም።

ሕይወቷን ያወቅሁት በየገበያው ስንዞር ነው፤ ግማሹን በዳይሬክተሩ አፍ፣ ግማሹን እኔ ከፊልም በለቃቀምኩት እንግሊዝኛ። እንግሊዝ ነሽ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ ጎብዬ ላይ አንድ ነጋዴ ጠይቋት ፊቷ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት መሰለ። አገሯ ዝናብ የማያባራበት፣ ባሕር ዳር ያለ መንደር ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ፣ እሷ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ዳቦ የምትሸጥ። አንድ ቀን ፊልም ሠሪዎች መጡና ለቀብር ትዕይንት የሚሆን የመንደር ሰው ፈለጉ። እሷ ከዳቦው መደርደሪያ ኋላ ሆና ያን ተዉት፣ እሱ ቀብር ላይ የሚስቅ ነው፤ ያቺን ውሰዷት፣ ዝም ብላ የምታለቅስ እሷ ናት ትላቸዋለች። ያለችው ሁሉ ልክ ሆነ። ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ፤ ለሌሎች ፊልም ሰው መምረጥ። ባቡር ጣቢያ፣ ገበያ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ እየቆመች ፊት ታያለች።

ስሟ በፊልሙ ላይ ይወጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ፣ ሰዉ ኮቱን ለብሶ ሲነሳ፣ አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው ጄኔሬተሩን የማጠፋው፤ ነዳጁን ለመቆጠብ። ስንት ጊዜ አጥፍቼሽ ይሆን አልኳት። ይሄን ሲተረጉምላት መንገድ ላይ ቆማ እስክታነባ ሳቀች።

አሁን ግን የመጣችው ለራሷ ፊልም ነው። ፕሮዲውሰሯ እሷ ናት፤ ፕሮዲውሰር ማለት ምንድን ነው ስለው ዳይሬክተሩ ሠርግ ደጋሽ ማለት ነው አለኝ፤ ዳሱን የሚተክል፣ እንግዳውን የሚያስቀምጥ፣ ዝናብ ቢመጣ የሚወቀስ። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ እንግዳ ስታስቀምጥ ኖራ፣ ይሄ የመጀመሪያ ድግሷ ነው። ያላትን ሁሉ አፍስሳበታለች፤ ይሄ ከተበላሸ ሁለተኛ የለም። ታሪኩ የአንዲት እናት ነው። ልጇ በልጅነቱ በበረሃው መንገድ ይሄዳል፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሻንጣ ተሸክሞ ይመጣል። ጎረቤት እሱ አይደለም ይላል። እናቲቱ ነው ትላለች። አለቀ። በእኔም አገር ከየቤቱ አንድ ሰው መርከብ ላይ ወጥቶ ቀርቷል አለችኝ፤ እዚህ የመጣችበትን ምክንያት ስትነግረኝ። እኛም ጋ ከየቤቱ አንድ ሰው አለ። ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ታዲያ እናቲቱን መፈለግ ሆነ። የቀበሌ አዳራሽ ተፈቅዶልን፣ በየሰፈሩ ፈረንጅ ሰው ልትመርጥ ነው ተብሎ ተነገረ። ስህተቱ ከዚያ ጀመረ። የእኛ ሰው ፈረንጅ ሰው መረጠች ሲባል የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ እርዳታ። በማግሥቱ አዳራሹ ሞልቶ ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በበዓል ቀን ሐር የመሰለ ነጠላ የምትለብሰው ጎረቤቴ የተቀደደ ቀሚስ ከየት አባቷ እንዳመጣች አላውቅም። ሦስት ፎቅ ያሠራ ነጋዴ በከዘራ እያነከሰ መጣ። አንድ ሽማግሌ የሐኪም ወረቀታቸውን ዘርግተው ለአየርላንዳዊቷ ስለ ኩላሊታቸው ያስረዷታል። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፤ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የዚህ አገር ሰው ትወና ተሰጥኦው ነው ብላ ተደንቃ ነበር።

እርዳታ አለመሆኑ ሲታወቅ ግማሹ ሄደ። የቀሩትን ዳይሬክተሩ እያንዳንዳቸውን ካሜራ ፊት ወንበር ላይ እያስቀመጠ «ተጫወቱ» ይላቸዋል። አንዱ መምህር እንደ ሬዲዮ ድራማ ጮኸ። አንዲቷ መሬት ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ተነስታም አቧራዋን አራግፋ እንዴት ነበር አለች። አየርላንዳዊቷ እርሳሷን ታሽከረክራለች። ፊቷን አይቼ አወቅሁ፤ ማንም የለም።

ያን ቀን ገበያ ነበር። ከዋጃ ወዲህ ካለ መንደር ቅቤ እያመጡ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ፤ ቅቤያቸውን ሸጠው ሲጨርሱ በረንዳዬ ላይ ያርፋሉ። ጁስ ስሰጣቸው ይሄ የታመመ ሰው ምግብ ነው ብለው ይመልሱልኛል፣ ውሃ ብቻ ይጠጣሉ። ጁስ ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኙት ፈልገው አዳራሹ መጡ። ከፀሐይ ይረፉ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው። ወንበሩ ካሜራው ፊት ያለው ወንበር ነበር።

ዳይሬክተሩ ድካም በያዘው ድምፅ «እማማ፣ ተጫወቱ» አላቸው።

እንግዲህ ለገጠር እናት ቁጭ ብላ ተጫወቱ ስትባል ምን እንደሚገባት እናንተም ታውቃላችሁ። እሳቸው ትወና የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ አየርላንዳዊቷ ዞሩ። «ልጄ፣ እናትሽ ደኅና ናት?» አሉ። ዳይሬክተሩ ተረጎመላት፤ እናቷ ሞታለች። አላህ ይማራት አሉና፣ አሟሟቷን፣ ማን እንደቀበራት፣ እሷ ስትሞት አጠገቧ ነበርሽ ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረችም። እጇን ሳብ አድርገው ያዙ። ከዚያ ከብት አለሽ ወይ አሉ። ድመት አለኝ አለች። ድመትስ ከብት አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል ብለው አጽናኗት። ጨዋታው ሲጀመር ጥላው በበሩ በኩል ነበር፤ ሲያልቅ በሌላው በኩል ወጥቷል።

አየርላንዳዊቷ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ መለሰችና እሳቸው ናቸው አለች።

ቀረጻው ተጀመረ። ለፊልሙ ጎብዬ መዳረሻ ላይ አንድ ግቢ ተከራይተናል፤ የተቀረው በእሳቸው መንደር ነው። እማማ ቅቤ ሲንጡ፣ ማሽላው መሃል ካለው ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ሲያባርሩ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ቆመው አውቶቡስ ሲያዩ ተቀረጹ። ምንም ተብለው አይደለም፤ የሚያደርጉት ስለሆነ ነው። ስለ እኛ ምን እንደሚያስቡ ለጎረቤታቸው ሲነግሩ ሰማኋቸው። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ግን ሥራ የላቸውም፣ እኔን ሲያዩ ነው የሚውሉት፣ ይላሉ። ዳይሬክተሩን ልጄ፣ አየርላንዳዊቷን ልጄ፣ መብራት የሚይዘውን ግዙፍ ሰውዬ ልጄ። ማታ ማታ የተቀረጸውን ስናይ አየርላንዳዊቷ እንደ ሕፃን እግሯን ታወራጫለች። ፊልሙ ውስጥ እሳቸው የሌሉበት ምንም የለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊታቸው ነው።

የቀረው የልጁ መመለስ ብቻ ሆነ። ማሽላው ደርሶ ሊታጨድ ነው፤ ልጁን የሚሠራው ተዋናይም ከአዲስ አበባ መጥቶ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መመለስ አለበት። በዚያ ግቢ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ካሜራው ተተከለ፣ ተዋናዩ ሻንጣውን ተሸክሞ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመ። ዳይሬክተሩ እማማ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የሚሉትን ነገራቸው። ጎረቤቶቹ ማነው ሲሉ «ወላሂ ልጄ ነው፤ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ይሄ ነው» ይበሉ አላቸው። ያቺን መሐላ የጻፈው እሱ ነው፤ የፊልሙ ምሰሶ ናት ይላል።

እማማ ተዋናዩን አዩት። ከዚያ ዳይሬክተሩን አዩት።

«የኔ ልጅ ሳዑዲ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ። ይሄ በፊልሙ ነው።»

«በፊልሙ ይማላል?»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ በወላሂ አይጫወቱም።»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ቀጥሎ ግን ሳቃቸውን አቆሙ፤ እሳቸው ልክ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ዳይሬክተሩ ላብ በላብ ሆኖ ስለ ትወና ማስረዳት ጀመረ፤ ተዋናይ የሚለው ውሸት አይደለም፣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ኃጢአት የለውም። እማማ በትዕግሥት ሰሙት። ለመጫወት እሺ ብያለሁ፣ ስትጠሩኝም መጥቻለሁ፣ ስጫወትም ከርሜአለሁ አሉ። በሐሰት ማሉ ግን አልተባልኩም። ልጄ ጁምዓ ሲደውል ምን እለዋለሁ፣ ሌላ ልጅ ምዬ ተቀብያለሁ ልበለው? ብለው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። አልተቆጡም። የሚያስፈራውም እሱ ነው፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል።

አየርላንዳዊቷ ምን እንደሆነ እኔን ጠየቀችኝ። እንደምንም ነገርኳት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ታይ ጀመር። ሌላ ሰው እንዳትተካ ፊልሙ ሁሉ የእሳቸው ፊት ነው። እንዳትተወው መጨረሻው ይሄ ነው። ዳይሬክተሩ በጓሮ በኩል አግባቢያቸው ብሎ በዓይኑ ይለምነኛል። እሷ ግን አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«የማይዋሽ ፊት ፈልጌ አገኘሁ» አለችኝ። «አሁን ዋሺልኝ ማለት ያሳፍረኛል።»

ታዲያ ፊልምሽስ አልኳት። እርሳሷን ከፀጉሯ ነቅላ ኪሷ ከተተች።

እማማን ወደ ቤታቸው ላደርሳቸው ተነሳሁ። እስከ ቆቦ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ ነው። ባጃጅ ነጂው ጢሙ የሸበተ፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ የልጅ ልጅ ሳያይ ያልቀረ ሰው ነው። መንገዱ ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ። እኔ ምን ላድርግ እያልኩ ነው። እንዳልማጸናቸው ወስኛለሁ፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልምልም። ድንገት አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባንና ከመቀመጫችን ተነስተን ተመለስን።

«ኧረ ልጄ ቀስ በል፣ አጥንቴን ለቃቀምከው» አሉት እማማ።

«እሺ እናቴ» አላቸው ሽበታሙ።

ትንሽ ሄድን። የሆነ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደ።

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅዎ ነው?» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጄ አሉት እኮ።»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ አባቴ ልበለው?»

ነጂው በመስታወት እያየን ልጅዎ ነኝ እማማ፣ አይካዱኝ አለ። ሳቁ። እኔ ግን ወደ እማማ ዞርኩ። ያ ሻንጣ የያዘው ሰውዬ እውነት ደጅዎ ቢመጣስ፣ ምን ይሉታል አልኳቸው። እንግዳ ደጄ ቆሞ ምን እለዋለሁ፣ ልጄ ነው እንጂ የምለው፣ ደግሞ ውሃ እሰጠዋለሁ አሉ። ጎረቤት ማነው ቢልዎትስ? ልጄ ነው እላለኋ፣ ጎረቤት ምን አገባው። ሳይምሉ? አሁን እኔን እንደ ሞኝ አዩኝ። ለምን እምላለሁ፣ ማን ማይ አለኝ?

ቆቦ ስንገባ ባጃጁን አስቁሜ ለአየርላንዳዊቷ ደወልኩ። ያለኝ እንግሊዝኛ ይሄን በስልክ ለማስረዳት አይበቃም። ነገ ጠዋት ተዋናዩን ይዛችሁ ግቢው ጋ ኑ፣ እማማን እኔ አመጣቸዋለሁ ብቻ ነው ያልኳት። ያን ዕለት ማታ ግን ከሰነበትኩበት ሁሉ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጠዋት መሐላው ይውጣና «ልጄ ነው» ብቻ ይበሉ ስል ዳይሬክተሩ አልወደደውም። ልጄ እኮ ለማንም ይባላል አለ። ለአንቺም ለእኔም ይባላል። መሐላው ከወጣ እውነት ልጇ መሆኑ በምን ይታወቃል? ይሄን ለአየርላንዳዊቷ ሲተረጉምላት እሷ የመጀመሪያው ቃል ላይ አስቆመችው። ልጄ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። አዳራሹ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እኔንም የጠሩኝ በዚህ ነበር? አለችው። አዎ፣ ሁላችንንም አላት። እሷም እንግዲያው እውነት ልጇ መሆኑ አይታወቅ አለች። ተመልካቹም እንደ ጎረቤቶቹ ቆሞ ይመልከት። ደጋሿ እሷ ናትና መሐላው ወጣ።

ካሜራው ተከፈተ። ተዋናዩ በመንገዱ መጣ፤ ጫማው አቧራ፣ ትከሻው በሻንጣው አንድ ወገን የዘመመ። እንድትጠይቅ የተነገራት ጎረቤት ይሄ ማነው ደግሞ አለች። እማማ አዩት። እንዴት እንዳዩት ልጽፈው አልችልም፤ ብዙ ፊት አይቼ አውቃለሁ፣ ግን ይሄን የምተርክበት ቃል ቪዲዮ ቤትም ቢሆን አላገኝለትም ነበር። ሳዑዲ ያለውን አስበው ይሆናል። ላያስቡትም ይችላሉ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ውሃ አምጡለት እንጂ። ከሩቅ ነው የመጣው።»

ሻንጣውንም ከትከሻው አወረዱለት። ይሄን ማንም አድርጉ አላላቸውም። ጎረቤቶቹ የእውነት ለውሃ ሮጡ፤ ሁለቱ በር ላይ ተጋጭተው አንደኛው ጣሳውን ደፋው፣ ሁሉም ካሜራው ውስጥ ገባ። ዳይሬክተሩ ቁም ማለቱን ረስቶት ተዋናዩ ውሃውን ጨርሶ ጠጣ፣ ቀጥሎም የሚያደርገው ሲያጣ ጣሳውን መለሰ። እማማ እናት አለህ ወይ አሉት። አለችኝ አለ። ደውልላት አሉት። እሺ አለ፤ ይሄም ካሜራው ውስጥ ገብቷል፣ በኋላ ቆርጠው ያወጡት እንደሆነ እንጃ።

አየርላንዳዊቷ ክንዴን ይዛኝ ኖሯል፤ የጣቷ ምልክት ቆየብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን እስከ ታች ስትለቅ ሰማኋት፣ ከባድ ሸክም ከአህያ ሲወርድ አህያዋ እንደምትተነፍሰው። እኔም ተነፈስኩ። ዳይሬክተሩ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ከግንብ ሥር ቁጢጥ አለ፤ ሳቀ ወይስ አለቀሰ አላወቅንም፣ ሲነሳ ግን የእማማን እጅ ሳመ።

ገመዱ ሲጠቀለል፣ ካሜራው ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ እማማ ከግራሩ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሥራችሁ አለቀ ወይ ብለው ጠየቁ። አለቀ እማማ አልናቸው።

«አልሀምዱሊላህ። በሉ ኑ ቁጭ በሉ፤ አሁን እንጫወት።»

አየርላንዳዊቷ ምን አሉ አለችን። ዳይሬክተሩ ሊተረጉም አፉን ከፈተና የትኛውን ጨዋታ እንደሚመርጥ ጨንቆት ወደ እኔ ዞረ።

«ነይ ቁጭ በይ፣ ሥራ ልንጀምር ነው ይላሉ» አልኳት።

መጣችና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። እማማም ጠጋ አሉላትና ያቺ ድመትሽ ደኅና ናት ወይ ብለው ጀመሩ።